በሲራራ ነጋዴ መንገድ በብስክሌት ለምትወጣው ልጄ

ልጄ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። ከሁለት ጓደኞችህ ጋር የዓመት እረፍታችሁን ወስዳችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም ተነስታችሁ በቡሬ በኩል ድሮ ወርቅ ይመጣበት የነበረውን መንገድ በብስክሌት ልትሄዱት ማሰባችሁን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። እኔ በዚህ አገር የትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘር ሆኜ ከቀበሌ ቀበሌ በብስክሌት ስዞር ነው ያረጀሁት። ዳገቱን በጉልበቴ፣ ቁልቁለቱን በጠባሳዬ አውቀዋለሁ። አንተንም አውቅሃለሁ። ልብህ ፈቃደኛ ነው፤ እጅህ ግን ይረሳል። ብስክሌትህን ሐምሌ ሙሉ ደጅ ትተህ ካቴናዋ ዝጎ እንደነበር አልዘነጋሁትም። ስለዚህ ገበዝ ማርያም ተቀምጬ ይህን በቁጥር ጻፍኩልህ። ይዘኸው ሂድ፤ ማታ ማታ ስታርፍ አንብበው።

1. ሰላሙን ሳትጠይቅ ጎማህን አትንፋ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ውስጥ ተኩስ ተሰምቷል፤ ፍኖተ ሰላምም የሐዘን ድርሻዋን ቀምሳለች። ከዓባይ ማዶ በወለጋ፣ ከወዲህም በመተከል ብዙ ቤት ተቃጥሏል። አንተ እረፍት ብለህ የምትሄድበት መንገድ ሌላው ልጁን የቀበረበት ነው። ይህን አትርሳ። ዛሬ ደህና የሆነ መንገድ ነገ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ከመነሳትህ በፊት፣ ከፊትህ ካለው ከተማ ትናንት ማታ የመጣ ሹፌር ፈልገህ ጠይቅ። ሹፌር ካጣህ ነጋዴ ሴቶችን ጠይቅ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ የመንገዱን ነገር የሚነግርህ የመንገዱ ሰው ነው። «ተዉ፣ አትሂዱ» ካሉህ አትሟገት። ብስክሌትህን መኪና ላይ ጭነህ ተመለስ፤ መመለስ ውርደት አይደለም። የድሮ ነጋዴዎች እንኳ ተቀምጠው ወሬ እስኪጣራ ሳምንትም ወርም ይጠብቁ ነበር።

2. የምትረግጠው መንገድ ምን ይሄድበት እንደነበር እወቅ። ይህን ካላወቅህ ብስክሌትህን እቤትህ አጠገብ ብትነዳውም ያው ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ድረስ መጥቶ የሰማውን ጽፎ ነበር። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል፣ አንድ ዓመት እየዘለለ፣ ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ሰው ይልክ ነበር ይላል። ከ500 የሚበልጡ ነጋዴዎች አብረው ይነሳሉ። በሬ ይነዳሉ፣ ጨውና ብረት ይጭናሉ። አገሩ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይከልሉና ይሰፍራሉ። በሬውን አርደው ሥጋውን በቁራጭ በቁራጭ እሾሁ ላይ ያኖሩታል፤ ጨውና ብረቱንም እንዲሁ። የአገሩ ሰዎች መጥተው የወደዱት ቁራጭ ላይ የወርቅ ፍሬ ያስቀምጡና ይርቃሉ። ባለ ሥጋው ይመጣል፤ ዋጋው ከበቃው ወርቁን ያነሳል፣ ካልበቃው ትቶት ይሄዳል። ያኛው ደግሞ ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ወስዶ ይለያል። ቋንቋቸው የተለያየ ነው፣ አስተርጓሚም እምብዛም አይገኝም። ብዙ ሊቃውንት ሳሱን ከሱዳኑ ፋዙግሊና ከቤኒሻንጉል አካባቢ ጋር ያገናኙታል። ልብ በል፤ ኮስማስ የወርቁን ፍሬ በምን መስሎ እንደገለጸው ታውቃለህ? በግብጦ ፍሬ! እኛ እዚህ ጎጃም፣ ሌላ እህል የማይቀበል የደከመ መሬት ላይ የምንዘራውን ግብጦ ማለቱ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ የተቆላ ግብጦ በጆንያ ሞልታ፣ ድንጋይ አስራ፣ ምሬቱ እንዲወጣ ለቀናት ወንዝ ውስጥ ታሰጥመው ነበር፤ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። አንዱን ፍሬ አውጥቼ በጣቴ ሳሻሸው ልጡ ይሸሻል፣ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ያበራል። አርጅቼ የኮስማስን ነገር ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ ያ ጆንያ ነው። ቡሬ ገበያ ስትደርስ አንድ ጣሳ ግብጦ አስሰፍረህ መዳፍህ ላይ አፍስሰው። ከዚያ 500 ሰው ስንት ወር ተጉዞ ምን ያህል ነገር ይዞ እንደሚመለስ አስበው።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ያለውንም ባጭሩ ልንገርህ። በ19ኛው መቶ ዓመት የጎጃም ትልቁ ገበያ የጁቤ አጠገብ የነበረው ባሶ ነው። ከሰሜን አሞሌ ጨውና ልብስ ይመጣል፤ ከዓባይ ማዶ ከእናርያና ከወለጋ በኩል ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ። ወርቁ በወቄት ይመዘናል፤ አንድ ወቄት የማርያ ቴሬዛ ብር አንድ ፍሬ ክብደት ነው፣ 28 ግራም ገደማ። ለዚህ ንግድ ሲባል ደም ፈስሷል። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ፣ ከዓባይ ማዶ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ፣ የተዋጉት ያ አገርና ንግዱ የማን ይሁን በሚል ነው። የእኛው ንጉሥ ተማረኩ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ቤኒሻንጉል ዘመቱ፤ ከዚያ በኋላ የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። ግብጽን የገዛው መሐመድ ዓሊ ራሱ በስተርጅናው በ1831 ዓ.ም. ገደማ ለዚሁ ወርቅ ብሎ ፋዙግሊ ድረስ ወጥቶ ነበር። ሽማግሌ ገዢን ከካይሮ ያስነሳ ነገር ምን ያህል እንደሚጎትት ተመልከት።

3. በዚህ መንገድ ወርቅ ብቻ ነው ያለፈው ብለህ ለማንም አታውራ። ሰውም ተሽጦበታል። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ ከደቡብ የመጣው ሕፃን ሁሉ ከጨውና ከቡናው ጎን እየተነዳ በእነዚሁ ገበያዎች አልፏል። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ በእኔ አባት ዘመን ማለት ነው። ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ወደ ቆላው ስትወርድ በልጅነትህ ሰፈር ውስጥ የሰማሃቸውን የንቀት ስሞች አፍህ ላይ እንዳላገኝ። ጉሙዙን ጉሙዝ፣ በርታውን በርታ ብለህ ጥራ። ጓደኞችህም ቢሳሳቱ እዚያው አርማቸው፤ ዝም ማለት አብሮ መናገር ነው።

4. ክረምትን አትጋፋ። ኮስማስ ስለነዚያ ነጋዴዎች ሌላም ነገር ጽፏል፤ ሲሄዱ ከብት ስለሚነዱ ቀስ ብለው ነው፣ ሲመለሱ ግን ዝናብና ጎርፍ ሳይቀድማቸው ይሮጣሉ ይላል። 1500 ዓመት አልፎ ዝናቡ ያው ነው። እኔ አንድ ጊዜ በነሐሴ ማብቂያ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ደርሷል ብዬ፣ በጠዋት እግሬን ያላራሰኝን ጅረት ተሻገርኩ። ማታ ስመለስ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል። ሁለት ሌሊት ማዶ በሰው ቤት አድሬያለሁ። አንተ ከመስቀል በኋላ ጠብቅ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ጭቃው ደርቋል፣ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፣ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል። ከየካቲት በኋላ የዓባይ በረሃ ሙቀት ላንተ አይሆንም።

5. ብስክሌትህን ሳትነሳ አዘጋጅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመነሳትህ ከአንድ ሳምንት በፊት ጎማውን ፍታው፣ ራስህ፣ ለጎሚስታ ሳትሰጥ። ከመነዳሪውን አውጣ፣ ንፋው፣ ውሃ ውስጥ ክተተውና አረፋ ፈልግ። ይህን እቤትህ በብርሃን ካልሠራኸው ቲሊሊ ዳገት ላይ በጨለማ አትሠራውም። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ቁራጭ ጎማ፣ መንፊያ፣ የካቴና መፍቻ፣ አዲስ የፍሬን ጎማ ያዝ። በየከተማው ጎሚስታ አለ ብለህ አትተማመን፤ ያለው የአይሱዙ፣ የባጃጅና የሞተር ጎማ ነው። የብስክሌት ዕቃ ከፈለግህ ባሕር ዳር ላይ ግዛ፤ ከተማዋ ብስክሌት የለመደች ናትና ባለሙያም ዕቃም አታጣባትም።

6. ከጉልበትህ በታች ጀምር። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ኦሎምፒክ ላይ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች፤ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። አገራችን ለብስክሌት ባዳ አይደለችም። አንተ ግን ለእሽቅድምድም አልሄድክም። በመጀመሪያው ቀን ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ብቻ ድረስ። ሩቅ አይደለም፤ ተሳፋሪ ጎረቤት ናት ይላታል። ይህ አጭር መንገድ ግን የሚታይ ነገር አለው። ፍኖተ ሰላም ራሷ ድሮ ወጀት ነበር የምትባለው፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ አልፈው ነው። መንገድ ላይ ማንኩሳን ታገኛለህ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ታሪክ የጀመሩባት ማንኩሳ ናት። ውረድ፣ ሻይ ጠጣ፣ አዛውንቶቹን አዋራ። ቡሬ ደግሞ በየካቲት 1933 የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቅቆ የወጣባት ከተማ ናት። እዚያ እደር።

በሁለተኛው ቀን በቲሊሊ አድርገህ ወደ ኮሶበር ውጣ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ናት፤ ኮሶበር 2500 ታልፋለች። ልዩነቱን ሳንባህ ይነግርሃል። ከኮሶበር ሳትደርስ፣ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳትርቅ፣ ዘንገና ሐይቅ አለ፤ ድሮ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት በደን ተከቦ ተቀምጧል። እዚያ ቀን ሙሉ አርፋችሁ ብትውሉ አልቆጣህም። ጉዞህ ጥር ላይ ከሆነ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ፈረሰኛ ሲመጣ መንገድ ዳር ወርደህ ቁም፤ ፈረስ የብስክሌት ጎማ ጨረር ሲሽከረከር ሲያይ ይበረግጋል። ጊዜ ከተረፈህ ሰከላ ግሽ ዓባይ ሂድ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1610፣ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ከስንት አገር አቋርጠው ያዩትን የዓባይ ምንጭ አንተ አጠገቡ ተወልደህ አላየኸውም። ጠበል ነውና ካህናቱን ጠይቀህ ግባ።

ይህን ሁለት ሦስት ቀን ካለ ሕመም ከጨረስክና ወሬው ሰላም ከሆነ ብቻ ወደ ቡሬ ተመልሰህ የነቀምቴን መንገድ ያዝ። ከቡሬ ነቀምቴ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሐሉ ላይ ዓባይ አለ። ከነቀምቴ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ አድርጎ አሶሳ ይገባል፤ የወርቁ አገር እሱ ነው። በዚያው በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ የሚባል ቦታ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ፕላቲነም ወጥቶበታል። ግን አሶሳን ዘንድሮ ካላየሁ አትበል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

7. ቁልቁለትን ከዳገት ይልቅ ፍራ። ዳገት የሚወስድብህ ትንፋሽ ነው፤ ቁልቁለት ግን ጥርስህን ይወስዳል። ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ከ1000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። እኔ ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ፍሬኔን ይዤ፣ ሳልለቅ፣ ግማሽ ሰዓት ወረድኩ። አንድ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ምን እንደሆነ ሳላውቅ የፊተኛው ጎማ እንደ ጥይት ፈነዳ። ፍሬኑ የተሽከርካሪውን ብረት እያሸ አግሎት፣ ግለቱ ከመነዳሪውን አፍንድቶት ነው። ክርኔ ላይ ያለውን ጠባሳ ልጅ ሆነህ እየዳሰስክ «ይሄ ምንድን ነው?» ትለኝ ነበር፤ እሱ ነው። ስለዚህ ፍሬን ይዘህ አትንጠልጠል። ጥብቅ፣ ልቅቅ። የፊቱንና የኋላውን አፈራርቅ። በየአሥር ደቂቃው ቁም፣ የብረቱን ዙሪያ በጣትህ ጫፍ ነካ አድርግ፤ ካቃጠለህ ውሃ አታፍስበት፣ ጥላ ሥር ተቀምጠህ እስኪበርድ ጠብቅ። ከመታጠፊያው በስተጀርባ የተበላሸ ከባድ መኪና እንዳለ አስበህ ታጠፍ፤ ብዙ ጊዜ አለ። ሄልሜትህን አውልቀህ መሪው ላይ አንጠልጥለህ እንዳትወርድ። አውቅሃለሁ።

8. ቆላ ውለህ ደጋ እደር። የድሮ ሰዎች ንዳድ የሚሉትን ፈርተው ወንዝ ዳር አያድሩም ነበር፤ በጠዋት ተሻግረው ማታ ማዶ ከፍታ ላይ ይሰፍሩ ነበር። ምክንያቱን ሳያውቁ መላውን አውቀውት ነበር፤ የወባ ትንኝ በሌሊት ነው የምትናከሰው። ዓባይን በጠዋት ተሻገረው። መምሸት ካልቀረብህ አጎበር ሥር ተኛ። ከተመለስክ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ካተኮሰህ «ድካም ነው» አትበል፤ ጤና ጣቢያ ሄደህ ደምህን አስመርምር፣ ቆላ እንደነበርክም ለሐኪሙ ንገረው።

9. ስንቅህን ከገበያ ሳይሆን ከእናትህ ጓዳ ያዝ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ከፋብሪካ ብስኩት ይሻሉሃል፤ አይሰባበሩም፣ አይቀልጡም፣ ከምሳ እስከ ማታ ያቆሙሃል። በሶን በኮዳህ ውሃ በጥብጠህ ትንሽ ጨው ጣል አድርግበትና በየሰዓቱ ጠጣ እንጂ ጥምህ እስኪመጣ አትጠብቅ። ግብጦ ወንዝ ውስጥ ከርሞ ካልጣፈጠ አትቅመስ፤ ያልለቀቀ ግብጦ ምሬቱ መርዝ ነው። የደምበጫ አረቄ ሲያቀርቡልህ ደግሞ ተቀበልና «ማታ» በል። ቀን አረቄ ጠጥቶ ቁልቁለት የወረደ ሰው ቀብሬያለሁ።

10. ሰው ሲኖር ውረድ። ድሮ በቅሎ ላይ ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ፣ ሽማግሌ ሲያገኝ፣ ለቅሶ ሲመጣበት ይወርዳል። ብስክሌትም በቅሎህ ነው። ገበያ ቀን መንገዱ የአህያና የሴቶች ነው፤ እየገፋህ እለፍ። ደወል ደጋግመህ አትምታ። አህያ ደወል ስትሰማ ወደ ዳር አትሄድም፣ ወደ መሐል ትዞራለች፤ የተጫነችው እንስራ ሲሰበር የባለቤቷ ዓመት ሙሉ ድካም ነው። ልጆች ከኋላህ ሲሮጡ አትቆጣቸው፣ ብር አትበትንላቸው። ቆመህ ስማቸውን ጠይቅ፤ «ስንተኛ ክፍል ናችሁ?» በላቸው። አስተማሪ ስለነበርኩ ነው የምነግርህ፤ ስሙን የጠየቅከው ልጅ ድንጋይ አይወረውርም። ቤታቸው ሲያሳድሩህ እግርህን ሊያጥቡልህ ውሃ ያመጣሉ። አትከልክላቸው፤ ግን ጎንበስ ብለህ እጃቸውን ያዝ። ጠዋት ስትሄድም ቤቱን ጠርገህ፣ ውሃ ቀድተህ ሂድ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይሆንባቸው።

11. ወርቅ የሚታጠብበት ወንዝ ስትደርስ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ካሜራህን ኪስህ ውስጥ አድርግ። እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ዳር ተቀምጬ አንዲት ሴት ስታጥብ አይቻለሁ። ከእንጨት የተፈለፈለ ሰፊ ገበታ አላት። አፈርና ውሃ ትጨምርበታለች፣ በእጇ ትልቅ ትልቁን ድንጋይ ታወጣለች፣ ከዚያ ገበታውን ታሽከረክረዋለች። ውሃው ጭቃውን ይዞ ይሄዳል። ደግማ ትጨምራለች፣ ደግማ ታሽከረክራለች። ቀይ አፈሩ አልቆ ነጭ አሸዋ ይቀራል፤ ነጩ አልቆ ጥቁር አሸዋ፤ ጥቁሩን በጣት በጣት ውሃ ስትገፋው ጫፉ ላይ ከጤፍ የማይበልጥ ቢጫ ነጥብ ይታያል። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ስለሚከብድ ሁሉም ሲሄድ እሱ ይቀራል። ያን ቀን ከምሳ እስከ ማታ አራት ነጥብ አገኘች። አንዷን ገበታ ስታጥብ ምንም አላገኘችም፤ ፊቷ አልተለወጠም። ሌላ አፈር ዘገነች። ነገሥታት የተዋጉለት፣ መሐመድ ዓሊ ከካይሮ የመጣለት ነገር የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ወገብን አጉብጦ፣ ጤፍ ጤፍ እያከለ።

እዚያ ስትሆን ሦስት ነገር ተጠንቀቅ። ቁፋሮ አካባቢ ከተጠረገ መንገድ አትውጣ፤ ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ በሣር ተሸፍኖ ይጠብቅሃል። ከወንዙ አትጠጣ፤ አንዳንድ ቦታ ወርቁን ለማንጠር ሜርኩሪ ይጠቀማሉ፣ ብታፈላውም አይለቅም። ወርቅ አትግዛ። መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ በብልቃጥ የሚያሳይህ ሰው ወይ ናስ ይሸጥልሃል ወይ ከሕግ ያጋጭሃል፤ ወርቅ መግዛት ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

12. ገንዘብህን በትንሽ ከተማ አጥፋ። ኒው ዚላንድ ውስጥ ኦታጎ የሚባል አገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1861 ወርቅ ተገኝቶበት ዓለም ሁሉ ጎርፎበት ነበር። ወርቁ ሲያልቅ ሰውም ሄደ፤ ባቡሩም ቆመ። ሰዎቹ ምን አደረጉ? ሐዲዱ ከተነሳ በኋላ መንገዱን ለብስክሌት አበጅተው እ.ኤ.አ. በ2000 ከፈቱት፤ 152 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ሊዘጉ የነበሩ መንደሮች በእንግዳ ይኖራሉ፤ አንዷ ዳቦ ጋግራ ትሸጣለች፣ አንዱ አልጋ ያከራያል። እኛ ለዚህ የሚሆን መንገድ ከነሱ የረዘመ ታሪክ ይዞ ተኝቷል፤ ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። የሚጎድለን ሰላምና የሚያልፍ እንግዳ ነው። አንተ ያ እንግዳ ሁን። ምሳህን ከከተማ አስጭነህ አትሂድ። ማንኩሳ ብላ፣ ቲሊሊ ቡና ጠጣ፣ ትንሹ አልጋ ቤት እደር፤ ዋጋ አትከራከር።

13. ማታ ማታ ደብተርህን አውጣ። የት እንደደረስክ ሳይሆን ማን ምን እንዳለህ ጻፍ። ከዓባይ ማዶ ጨው ሲጫን ያዩ ሰዎች ልጆች ገና አሉ፤ አባታቸው የነገራቸውን ያስታውሳሉ፤ ባሶ ገበያ ስንት አሞሌ በስንት ይመነዘር እንደነበር፣ በቅሎ የት ትጠጣ እንደነበር፣ መልካው የቱ ጋ እንደነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት አጠገባቸው እያለፍኩ የትምህርት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ስቆጥር ነበርኩ፤ ያልጠየቅኳቸው ሞቱብኝ። ይህ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያነቃኛል። አንተ ጠይቅ። ስልክ አውጥተህ ወዲያው አትቅዳ፤ መጀመሪያ ቡናውን ጠጣ፣ በሁለተኛው ስኒ ላይ ፈቃድ ጠይቅ።

14. በየማታው ለእናትህ ደውል። ኔትወርክ ከሌለበት ቦታ ልትገባ ስትል አስቀድመህ ንገራት፤ «ነገ ድምፄን አትሰሚም፣ ከነገ ወዲያ ከዚህ ቦታ እደውላለሁ» በላት። ስትመለስ በገበዝ ማርያም በኩል እለፍ። ብስክሌትህን እዚያው ግቢው ውስጥ ገልብጠን ካቴናዋን በላምባ እናጥባታለን፤ አንተ እያጠብክ ከቡሬ ጀምረህ አንድ በአንድ ትነግረኛለህ።